የጽዱ ልክ

ደብረ ብርሃን የተከራየሁት ክፍል ከአናጢ ቤት ጎን ነው። አናጢው ጋሽ ታደሰ ጽድ በላጉ ቁጥር ሽታው በመስኮቴ ይገባል፤ እኔም በሐሳቤ ልጅ ሆኜ ባደግሁባት ጎረቤላ፣ የመዋዕለ ሕፃናታችን ግቢ ውስጥ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር እሆናለሁ።

ስለ ዛፍ በተማርንበት ሳምንት አስተማሪያችን፣ "ነገ እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ጽዱን አቅፋችሁ ትለኩታላችሁ" አለችን። በማግስቱ ሌሎቹ ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንዱን ዞሩት። የእኔ አባት እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። እመጣለሁ ብሎን ነበር። እናቴ ዐይኗን ከግቢው በር ሳትነቅል ተራችንን ለመጣው ሁሉ ስትለቅ ቆየች። በመጨረሻ ሁለታችን ብቻ አቀፍነው። በአንድ በኩል እጇን ይዣለሁ፤ በሌላው በኩል ጣቶቼ ቅርፊቱን ቢዳብሱ ቢዳብሱ ሌላኛውን እጇን አጡት። ሙጫው ጉንጬ ላይ ተጣበቀ።

አስተማሪያችን ክፍተቱን ልትሞላልን እጇን ስትዘረጋ እናቴ፣ "ተይው እህቴ፣ ልኩን ይወቅ" አለቻት።

የዛፉን ልክ መስሎኝ ነበር። አባቴ ያን ቀንም ከዚያም በኋላ አልመጣም።

ዛሬ ሽታው ሲበረታብኝ ወደ ጋሽ ታደሰ ወጣሁ። ገና ያልተሰነጠቀ የጽድ ግንድ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጠጋ ብዬ አቀፍኩት። ቀጭን ስለሆነ ጣቶቼ ያለማንም በቀላሉ ተገናኙ።

"ምን እየሠራህ ነው ልጄ?" አሉኝ ጋሽ ታደሰ መላጊያቸውን አቁመው።

"ልኩን እያየሁ ነው" አልኳቸው። እጄን ግን ቶሎ አላላቀቅኩም።