የጭቃው ወታደር ውሻ

ለሚ ኩራ ላይ ለአዲስ ሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር የእርጥብ አፈር ሽታ በታክሲው መስኮት ገባና ላምበረት ወደነበረው የልጅነት ግቢያችን መለሰኝ።

አባቴ ወታደር ነበር፤ ያን ክረምት ዘምቷል። እኔ ከጭቃ ልሠራው እሞክራለሁ፤ እግሮቹ እየቀጠኑ ይወድቅብኛል። በወደቀ ቁጥር አባባ የወደቀ ይመስለኛል፤ ለእናቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ሐጂ ሰይድ ከደጃቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩ።

"ብቻውን ስላቆምሽው እኮ ነው" አሉኝ። "ውሻ ሥሪለትና እግሩን ይደግፍለት።"

"ሐጂ፣ አባባ እኮ ውሻ የለውም።"

"አንቺ ሥሪለት።"

ሠራሁለት። የውሻውን ጎን ከወታደሩ እግር ጋር አጣበቅሁና ዝናብ እንዳይነካቸው ታዛው ሥር አሳደርኳቸው።

ጠዋት እየፈራሁ ስወጣ እናቴ ቀድማኝ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላለች። ሳልጠይቃት "ቆሟል" አለችኝ። ከዚያ እፎይ ብላ ቁርስ ልታቀርብ ገባች።

የታክሲውን መስኮት እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት "ልጄ፣ ንፋሱ" አሉኝ። ጉድጓዱን እስክናልፍ ድረስ አልዘጋሁትም።