በእንሰቶቹ መሃል የተተከለው ጤና አዳም

ግንቦት ዐሥራ ሁለት ነበር። ይፍሩ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ እንዲህ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቆማል። «ወይስ ዐሥራ አራት? ብቻ ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለዶርዜ ገበያ መኪናው ሁሉ ወደ ተራራው ይወጣ ነበር።»

ቀኑ ይምታታበት እንጂ አገርነሽን አይረሳም። በከተማው ላይኛ ሰፈር በሴቻ ባለችው ትንሽ የፕሮጀክት ቢሮ የኮንትራት ጸሐፊ ነበረች። ስድሳ ሊሞላት ነው፤ ከታይፕራይተር ጀምራ ኮምፒውተር ላይ ስለደረሰች ቁልፎቹን ዛሬም ትደበድባቸዋለች። ይፍሩ አለቃዋ ነው፣ ጢሙም ሸብቷል፤ እሷ ግን «አንተ ልጅ» ነው የምትለው።

ያን ሰሞን የያዙት የእንሰት ዝርዝር ነበር። የደጋ ሴቶች ስለየጓሯቸው እንሰት የተናገሩትን አገርነሽ በሰንጠረዥ አስገብታዋለች፤ የእንሰቱ ስም፣ ቀበሌው፣ ባለቤቱ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሴቶቹ ቃል። ዝርዝሩ እስከ ቀትር ጨንቻ ላለ የችግኝ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ ተሰብስበው የሚተከሉት የሚመረጡት ከእሱ ነው። ጣቢያው የሚቀበለው ደግሞ በተራ ጽሑፍ የተቀመጠ ፋይል ብቻ ነው።

ይፍሩ አስቀምጦ መልሶ ሲከፍተው ሰንጠረዡ ተበታተነ። የቢሮው አሮጌ ፕሮግራም ዓምድን ከዓምድ የሚለየው በፈረንጁ ኮማ ነው፤ አገርነሽም ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ የለመደችው ያንኑ ኮማ ነው። «ቀይ ግንድ, ቡላዋ ነጭ, ጎረቤቶቿ ሲጠወልጉ ያልጠወለገች» የሚለው ሦስት ቦታ ተቆራርጧል።

«የመጨረሻውን ዓምድ እናጥፋውና እንላከው። ስሙ ይበቃቸዋል» አለ ይፍሩ።

«ስም ይበቃል? ይቺ ያልጠወለገችው ስሟ ማዜ ነው። በዚያው ቀበሌ ስድስት ማዜ ተመዝግቧል። ቃሉን አጥፋና የትኛዋ የሚያጠወልገውን በሽታ እንደቻለችው ንገራቸው እስቲ።»

«እታለም፣ አርባ ደቂቃ ነው የቀረን።»

«አርባ ደቂቃ ለአንተ ነው ትንሽ የሆነው። ተነስ ልቀመጥበት።»

ተቀመጠችና ፋይሉን በፍለጋ ታስሰው ጀመር። ኮማ ሁለት ሺህ ገደማ ወጣ። ኮማው ላይ ነጥብ የተደረገበትን ምልክት ፈለገች፤ እሱም አለ። ቀጥ ያለችውን ቋሚ መስመር ፈለገች፤ አንድም አልተገኘም።

«ይቺን እናቆማለን» አለች።

«ለምን እሷን?»

«እናቴ አንዱን የእንሰት ዓይነት ከሌላው የምትለየው መሃላቸው ጤና አዳም ተክላ ነበር። ጎመን ብትተክል ጎመን የትም አለ። ድንጋይ ብታስቀምጥ ድንጋይ የሌለበት ጓሮ የት ይገኛል? እዚያ ጓሮ ውስጥ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ነው የሚፈለገው።»

ፋይሉን ስታስቀምጥ ፕሮግራሙ በምን ልለየው ብሎ ጠየቃት፤ ከመምረጫው ላይ ኮማውን አጥፍታ ቋሚ መስመሩን አስገባችና ላከችው።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከችግኝ ጣቢያው ካሌብ የሚባለው ባለሙያ ደወለ። «ምንድነው የላካችሁት? ሁሉም አንድ ዓምድ ውስጥ ተጠቅጥቋል እኮ።»

አገርነሽ ስልኩን ተቀበለችው።

«ልጄ፣ ዝም ብለህ አትክፈተው። ስትከፍተው ይጠይቅሃል፤ ኮማውን ተወውና ‹ሌላ› የሚለው ጋ ቋሚ መስመር ምታበት። መታህ?»

ካሌብ ቁልፉን ሲመታ በስልኩ ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ለዝቦ ማንበብ ጀመረ። «ቀይ ግንድ፣ ቡላዋ ነጭ፣ ጎረቤቶቿ ሲጠወልጉ ያልጠወለገች… ይቺንማ በመጀመሪያው ዙር ነው የምናነሳት። የማን ጓሮ ናት?»

«ተጽፏል፣ አንብበው» አለችና ስልኩን ለይፍሩ መለሰችለት። «እኔ የገበያው መኪና ሳያመልጠኝ ልሂድ።»

ይፍሩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ያልጠወለገችውን ማዜ መስመር በጣቱ ተከተለ። ባለቤት በሚለው ዓምድ ሥር «የዳልጮ ቤት» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ የደመወዝ ወረቀቷን ሲፈርም፣ አገርነሽ ዳልጮ የሚለውን ስም ስንት ጊዜ አይቶታል።

ያን የአባቷን ጓሮ ዛሬ ማን እንደያዘው፣ ጤና አዳሙም እዚያው እንዳለ ሊጠይቃት ወደ በሩ ሮጠ። ሚኒባሱ ሞልቶ ወደ ተራራው መንገድ ለመውጣት ቁልቁል ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሲቀላ እየታጠፈ ነበር፤ በኋላው መስኮት የሻሿ ጫፍ ታየው።