ኳስ ከእድር ድንኳን ስር

የበላይነሽ ጣቶች ረጃጅም ናቸው። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ የተበጠሰ ክር ስትቀጥልባቸው ኖራለች። በወጣትነቷ ስሟ የተነሳው ግን በክሩ አልነበረም፤ በመረብ ኳስ ነበር። የፋብሪካው የሴቶች ቡድን አቀባይ ነበረች። የመጣችላትን ኳስ በጣቶቿ ጫፍ ተቀብላ፣ ለምትመታዋ ጓደኛዋ አመቻችታ ወደ ላይ ታነሳለች። ጭብጨባው ለመቺዋ ነው። በላይነሽ በዚህ ቅር ብሏት አያውቅም። ኳሷ ከጣቶቿ ተላቅቃ አየር ላይ የምትቆይባት፣ ሜዳው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ የሚጠብቅባት ያቺ አፍታ የእሷ ነበረች።

ከዚያ ትዳር መጣ፤ ልጅ መጣ፤ የሌሊት ፈረቃ መጣ። ሜዳው የዕቃ ማከማቻ ሆነ። ቡድኑን ማንም አፍርሱት አላለም፣ ግን ፈረሰ። ዓመታት ካለፉ በኋላ ቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም እጣ ደረሳትና ከባሏ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች። ባሏ እዚያው አረፈ። ልጇ ተድራ ወጣች። ጉልበቶቿም ደረጃውን እየፈሩ፣ መጀመሪያ ገበያውን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያኑን አስቀሩባት።

ጠዋት ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች። ጉም ሲወርድ መሬቱ ይጠፋል፤ ሕንጻዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ቀርተው የሚንሳፈፉ ይመስላሉ። እንዲህ ባለው ጠዋት፣ ነቅታ ይሁን ተኝታ ሳታውቀው፣ ኳስ ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለች ስትወርድ ታያለች። እጇን ትዘረጋለች። ኳሷ ትወርዳለች፣ ትወርዳለች፣ ግን አትደርስም።

ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ ሩት ጉልበቷን ደጋግማ ካየችላት በኋላ፣ መድኃኒቱ ብቻውን እንደማይበቃና ሰውነቷን ካላንቀሳቀሰች መገጣጠሚያዋ እየደረቀ እንደሚሄድ ነገረቻት። በላይነሽ አንገቷን ነቅንቃ ወጣች። ቤቷ ያለው በአንድ በኩል ነው፤ እሷ ግን እግሯ እንደመራት በሌላው በኩል፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ጥግ መሄድ ጀመረች። ቅዳሜ ነበር። ከአጥሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማችና ቆመች። የመረብ ኳስ መዳፍን ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ ከሌላ ኳስ ጋር አይምታታም።

በበሩ ቀዳዳ ስታይ ሰዎቹ በሙሉ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ገመድ ዝቅ ብሎ ተወጥሯል። በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ፣ እየሳቁ፣ ኳስ ይቀባበላሉ። ያ የጠዋቱ የኳስ ሕልም በቀን የመጣባት መሰላትና ዓይኗን ጠረገች።

የስፖርት መምህርቷ እምነት አየቻትና በሩን ከፈተች። እግራቸው የተጎዳ ሰዎችም፣ መቆም የሚከብዳቸውም፣ ጤነኞችም እኩል የሚጫወቱት ጨዋታ መሆኑን አስረዳቻት። አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የሌለ፣ ደረቱ ሰፊ ሰውዬ ከመሬት ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ፣ እዚህ ሜዳ ላይ መቆም ክልክል ነው» አላት። «ቁጭ ይበሉ።»

ሰውዬው ዱሬሳ ይባላል። ኮንዶሚኒየሙም ትምህርት ቤቱም የተሠሩበትን መሬት ሲያርሱ ከኖሩት ቤተሰቦች የአንዱ ልጅ ነው። መሬቱ ለግንባታ ከሄደ በኋላ የድንጋይ ማውጫ ካባ ገብቶ ሲፈልጥ እግሩን ናዳ ወሰደው። አሁን የሚኒባስ ፌርማታው ጋ ጫማ ይሰፋል።

በላይነሽ አጥሩን ተደግፋ፣ እያቃሰተች፣ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ኳሷ ወደ እሷ መጣች። ምንም አላሰበችም፤ ጣቶቿ ብቻቸውን ተከፈቱ። ኳሷ ሳትሽከረከር፣ ቀጥ ብላ ወጣችና ዱሬሳ መዳፍ ፊት ላይ ጠበቀችው። መታት። ማዶ ያሉት ኳሷን ከማንሳት ይልቅ ዞረው አሮጊቷን አዩ። በላይነሽ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታያቸው ቆየች፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስሉ ነበር። ደረጃውን ስትወጣ ነው ማልቀስ የመጣባት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ቀረች ተብላ አታውቅም። ነርሷ ሩት ይህን ስትሰማ፣ ደም ግፊትም ስኳርም ያለባቸውን ሴቶች ወደ ሜዳው ትልክ ጀመር። ርዕሰ መምህሩ መጀመሪያ ግቢው ለተማሪ ነው ብለው ነበር፤ የገዛ እናታቸውን ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠው ሲያዩ ነገሩን ተዉት። ቃሊቲ ያለ የብረታ ብረት ቤት ከቁርጥራጭ ብረት አጫጭር ምሰሶዎች በየደ። የወረዳው ስፖርት ጽሕፈት ቤትም፣ እምነት ከተመላለሰች በኋላ፣ እውነተኛ መረብና ኳስ ሰጠ። በላይነሽ ለዱሬሳ ታነሳለች፣ ዱሬሳ ይመታል። በእረፍት ሰዓት መሬቱን በመዳፉ መታ መታ እያደረገ ያወራታል። እዚህ ጋ የአባቱ ሽምብራ ነበር። እዚያ፣ ሰንደቁ የቆመበት ጋ፣ በሬዎቹ ውኃ ይጠጡ ነበር። በላይነሽ ዓይኗን ጨፍና ስትሰማው እሸቱ የሸተታት ይመስላታል። የዱሬሳ እናት፣ እማማ ዳሲቱም፣ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ጨዋታው አይገባቸውም። ማን አሸነፈ ብለው ሳይጠይቁ ግን ተነስተው አያውቁም።

ክረምት ገባ። ጥቁሩ አፈር ውኃ ጠጥቶ አበጠና ሜዳው የሚረገጥ አልሆነም። የሚጠለሉበት አዳራሽ የለም። በላይነሽ ወደ መስኮቷ ተመለሰች፤ ጉልበቷም ወደ ድሮው ሊመለስ ከጀለ። አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ሲል የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ቀናው ከታች የእድሩን ትልቅ ድንኳን አጥር ላይ ሲዘረጉ አየች። ጋሽ ቀናው የድሮ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ድንኳኑ እርጥብ ሆኖ ከታጠፈ ስለሚሻግት፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ብቻቸውን ሲዘረጉና ሲሰበስቡ ይከርማሉ። በላይነሽ ደረጃውን ወረደች። ድንኳኑ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቢተከል እነሱ እየተንከባከቡት ከስሩ ሊጫወቱ እንደሚችሉ በትሕትና ነገረቻቸው።

ጋሽ ቀናው ብዙ አላሰቡበትም። «በላይነሽ፣ ባልሽን የሸኘነው ከዚህ ስር ተቀምጠን ነው» አሏት። «እንዴት ኳስ ይነጥርበት ትይኛለሽ?»

እውነታቸውን እንደሆነ ተሰማት። የሸራውን አንድ ጫፍ ይዛ አብራቸው ዘረጋችና ወደ ቤቷ ወጣች።

ነሐሴ ላይ እማማ ዳሲቱ አረፉ። ድንኳኑ ዱሬሳ ደጅ ተተከለ። የኳስ ጓደኞቹ ሁሉ መጡ፤ መሬት መቀመጥ የለመዱ ናቸውና ወንበሩን ለሌላው ትተው ምንጣፉ ላይ ከበቡት። ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ይውላል። በሸራው ያለፈው ብርሃን ሰዉን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም ቀብቶታል። በላይነሽ ያን ብርሃን ታስታውሰዋለች። ባሏ የሞተ ጊዜ ከዚሁ ሥር ተቀምጣ፣ ውኃ ውስጥ ያለች መስሏት ነበር።

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሊነቀል ሲል ጋሽ ቀናው ሸራውን በእጃቸው ጨምቀው አዩት። እንደራሰ ነው። አጥሩ ላይ ለመዘርጋት ደግሞ ሰማዩ የሚታመን አልነበረም። ዱሬሳ ምርኩዙን ተደግፎ አጠገባቸው ቆመ።

«ጋሼ፣ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ እንኳ ማን አሸነፈ ብላኛለች» አላቸው። «ከዚህ ስር ብንጫወት የሚቀየም ካለ እሷ አይደለችም።»

ጋሽ ቀናው ገመዱን ጠቀለሉ። የእድሩ ስብሰባ ዕለት ግን፣ ስለ ሌላው ሁሉ ከተወራ በኋላ ተነሱና፣ ድንኳኑ ካልደረቀ እንደሚበሰብስ፣ ሰፊና ንፋስ የሚያገኝ ቦታ ያለው ትምህርት ቤቱ ብቻ እንደሆነ፣ ለክረምቱ እዚያ እንዲተከል ተናገሩ። ከስሩ ስለሚሆነው ነገር አንድም ቃል አልወጣቸውም። አንድ ሰው ሊጠይቅ ሲል ደግሞ፣ ሰው የሞተ ቀን ኳሱ ያለአንዳች ክርክር ይቆማል ብለው ተቀመጡ። እድርተኛው እርስ በርሱ ተያይቶ ተስማማ።

ስለ መጀመሪያዋ ቅዳሜ በላይነሽ አሁንም ስታወራ ድምጿ ይለሰልሳል። ጭቃው ላይ ገለባ ጎዝጉዘው፣ በገለባው ላይ የእድሩን ምንጣፎች ደራርበዋል። ውጭው ዝናብ ነው፤ ዓለሙ አይታይም። ኳሷን ከፍ አድርጋ ስታነሳት ሸራውን ነካች። ሸራው ተቀብሏት ትንሽ ያሰበ መሰለና መልሶ ቀስ አድርጎ ለቀቃት። ከስፌቱ የረገፈ የውኃ ጠብታ አብሯት ወረደ። ሁሉም እጁን እንደዘረጋ ቀረ፤ ማንም አልመታትም። እምነት ስትስቅ ነው የነቁት። በዚያው ዕለት ሸራ የነካች ኳስ አልሞተችም፣ ጨዋታው ይቀጥላል የሚል ደንብ አወጡ።

መስከረም ሳይጠባ ደግሞ ጨዋታው መሃል ጋሽ ቀናው በበሩ ገቡ። ምንም ማለት አላስፈለጋቸውም። ኳሷ ቆመች። ከታች ብሎክ አንድ አባት አርፈው ነበር። እግር ያለው ካስማውን ነቀለ፤ መቆም የማይችለው ተቀምጦ ገመዱን ፈታ፣ ሸራውን አጠፈ። ሴቶቹ ምንጣፉን ተሸከሙ። ላባቸው ሳይደርቅ ለቅሶ ቤቱ ደርሰው ድንኳኑን ተከሉና፣ ከስሩ ገብተው ከሐዘንተኞቹ ጋር ተቀመጡ። በላይነሽ ባሏን አሰበች። ቅር ያለው አልመሰላትም።

ጋሽ ቀናው ያን ዕለት የታጠፈውን ሸራ ጠርዙን እየዳሰሱ፣ «እኔ እንኳ እንዲህ አጥፌው አላውቅም» አሉ። ከዚያ በኋላ ገመዱ ላልቷል፣ ካስማው ተነቅሏል እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት አበዙ።

በበጋው ወሬው ሳሪስ ደርሶ እዚያም ተቀምጦ መጫወት ተጀመረ። ከሳሪስ የመጡ ሴቶች፣ አብዛኞቹ የበላይነሽ እኩዮች፣ በሚኒባስ ተሳፍረው ሊገጥሟቸው መጡ። ሜዳው ደርቆ ነበር፤ ፀሐዩን ለመሸሽ ግን ድንኳኑ ተተከለ። የሳሪሶቹ ለጨዋታው አዲስ ስለሆኑ ይሸነፋሉ ተብሎ ነበር። አልተሸነፉም። መሃላቸው አንዲት ቀጭን ሴት ዱሬሳ የመታውን ሁሉ ከመሬት እየለቀመች አስቸገረቻቸው። በላይነሽ ወደ መጨረሻው ላይ ቀና ብላ ስታያት ሴትዮዋም እያየቻት ነው። ለካ በወጣትነታቸው፣ በፋብሪካ ውድድር፣ ከመረቡ ማዶ ለማዶ ነበሩ። ስሟን አላስታወሰችም። እጇን ግን አወቀችው።

ጨዋታው ሲያልቅ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው አቧራቸውን አራገፉ። ሴትዮዋ አደሴ እንደምትባል ነገረቻት። እነሱ የሚጫወቱበት ጥላ እንደሌላቸው ነግራት፣ ይኼን ድንኳን ከየት አመጣችሁት ብላ ጠየቀች።

«ከእድራችን» አለች በላይነሽ።

አደሴ የቀልድ መስሏት ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ሸራውን አንጋጣ ስታይ ቆየችና የራሳቸው እድር ሊቀመንበር ምን ዓይነት ኃይለኛ ሰው እንደሆኑ ማውራት ጀመረች። በላይነሽ ወደ እሷ ጠጋ አለች፤ ጉዳዩ እንዴት እንደሚጀመር ልታስረዳት።