ጋሽ አይዞን መጮህ የጀመረበት ዓመት

ጋሽ አይዞን በመኪና አሠልጣኝነት ሃያ ሁለት ዓመት ሲሠራ አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም ነበር። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎቹ ናቸው። አንዷ የማሠልጠኛውን መኪና ወስዳ የትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ስታሳርፈው፣ የተጣመመውን መስተዋት አስተካክሎ፣ «አይዞን፣ አጥሩ ከዚህ በፊትም ተገጭቷል» አላት። ሌላው የማርሹን እጀታ ከነጭንቅላቱ ነቅሎ እጁ ላይ ሲያስቀረው፣ «አይዞን፣ እሱ ድሮም ላላ ያለ ነበር» ብሎ ተቀብሎ ኪሱ ከተተው። ሌሎች አሠልጣኞች ያስለቀሱት ሰው ሁሉ መጨረሻው እሱ ጋ ነበር።

ሚስቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። ትዕግሥቱን እንደ ተማሪዎቹ አታደንቀውም ነበር። «ምን እንብላ?» ስትለው «ያልሽውን»፣ «የት እንሂድ?» ስትለው «ወዳልሽው» ይላታል። ራት ላይ ማንኪያ እንደያዘ ያንቀላፋል። ጢሙን በሳምንት አንዴ ቢላጭ ይበቃዋል። የሱሪው ወገብ እየጠበበ፣ ክንዱ እየሟሸሸ ሄዷል። መኝታ ቤታቸው ከሁለት ዓመት ወዲህ ለመኝታ ብቻ ሆኗል። መጀመሪያ ሌላ ሴት ጠርጥራ ነበር። አንድ ሳምንት ሙሉ በዓይኗ ስትከታተለው ከርማ ግን ጥርጣሬዋን ተወችው፤ ሌላ ሴት ለመያዝ የሚያስፈልገው ጉልበት እሱ ዘንድ እንደሌለ አየች።

ነገሩ የወጣው በአንድ ማክሰኞ ከሰዓት ነው። ተማሪዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ፈተናውን ሦስት ጊዜ ወድቀዋል። ከከተማ መውጫው ላይ ጋሽ አይዞን፣ «እትዬ፣ እስክነግርዎ ድረስ ቀጥ ብለው ይንዱ» አላቸው። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደው። አስተማሪዋ መመሪያ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። የሚነግራቸው ስላጡ ቀጥ ብለው ነዱ። ሲነቃ ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ሆኗል፣ ከተማቸው ከኋላቸው አርባ ኪሎ ሜትር ቀርታለች።

«ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«ልንታጠፍ ስንል የምትነቃ መስሎኝ» አሉት አስተማሪዋ። «ደግሞ እኮ ጥሩ እየነዳሁ ነበር።»

እውነት ነው፣ ጥሩ እየነዱ ነበር። እሱ ግን ደነገጠ። ሁለተኛው ፍሬን ያለው በእሱ እግር ሥር ነው፤ እግሩ ደግሞ ተኝቶ ነበር። በማግሥቱ ሚስቱ ሳትለምነው ሐኪም ቤት ሄደ፤ እሷም ይህን ሰምታ እውነትም እንደታመመ አመነች።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ የምትጠይቀውን የምትጠይቀው ስለ አየር ሁኔታ እንደምታወራ ሆና ነው። እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት ጠየቀችው። ከዚያ፣ «የጠዋቱስ?» አለችው።

«የጠዋቱ ምን?»

«የጠዋቱ።»

ጋሽ አይዞን የግድግዳውን የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ካነበበ በኋላ፣ «እሱ ጡረታ ወጥቷል» አላት። ዶክተሯ ሳትስቅ ጻፈችው።

በባዶ ሆዱ፣ በጠዋት፣ ሁለት የተለያዩ ቀናት ደም ሰጠ። ውጤቱ ተመሳሳይ መጣ፤ ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ሊኖረው ከሚገባው ሲሶ አይሞላም። በሃያ ዓመቱ ጆሮ ደግፍ ይዞት እንደነበርና ሕመሙ ወደ ታች ወርዶ ሁለት ሳምንት እንዳስተኛው ሲነግራት፣ ዶክተሯ ራሷን ነቀነቀች። ጥፋቱ የጀመረው ምናልባት ያኔ ነው። በየሁለት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አዘዘችለት፣ ግን አስቀድማ፣ «ሌላ ልጅ ታስባላችሁ?» አለችው።

«ይኼ እንዲያውም ለዚያ የሚረዳ አይደለም እንዴ?»

«ተቃራኒው ነው። ከውጭ ሲሰጠው ሰውነትህ የራሱን ሥራ ያቆማል፤ ዘርም አብሮ ይቀንሳል። ልጅ የሚፈልግ ሰው በሌላ መንገድ ነው የሚታከመው።»

አንዲት ሴት ልጅ አላቸው፤ ተድራለች። አይፈልጉም። ዶክተሯ ቀጠለች፤ ደም ሊያወፍር ይችላል፣ ስለዚህ በየጊዜው ይመረመራል፤ ፕሮስቴት የሚባለው የወንድ ዕጢም እንዲሁ። በራሱ መጨመርም ማቋረጥም የለበትም።

መርፌውን የሚወጋው ሰው አልራቀም። የሚስቱ ታላቅ እህት ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ታች ፎቅ ይኖራሉ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ፣ የገዛ እህታቸው ሳትቀር፣ «ሲስተር» ነው የሚላቸው። ጋሽ አይዞን አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ አያውቅም። አሁን የመመገቢያ ጠረጴዛቸውን ተደግፎ ቀበቶውን ሊፈታ ሆነ።

ሲስተር ብልቃጧን መዳፋቸው ውስጥ ያሞቋት ጀመር። «ዘይት ነው። ሲቀዘቅዝ ያማል። ዙር።»

ዞረ።

«ዝቅ አድርገው። እኔ ጉልበትህን አይደለም የምወጋው።»

ዝቅ አደረገ። እግሩ ሲደርቅባቸው፣ «አላላው እንጂ!» አሉት። «ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ መቀመጫ ሳይ ነው የኖርኩት። ያንተ ምንም የተለየ ነገር የለውም።»

ጋሽ አይዞን ለምን እንደሆነ ሳይገባው ትንሽ ቅር አለው።

የመጀመሪያው ወር ለውጥ አላሳየም። በሁለተኛው ወር ግን ሰዓቱ ሳይጮህ መንቃት ጀመረ። በየቀኑ ይላጫል። ደረጃውን ሳያርፍ ይወጣል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሚስቱ ሁለት ቀን ሥራ አርፍዳ ገባች፤ አለቃዋ ምክንያቱን ሲጠይቃት መንገድ ተዘግቶ ነበር አለች። ደግሞ አንድ ቅዳሜ ቁምሳጥኑን ከመስኮቱ አጠገብ እናድርገው ስትለው፣ ጋሽ አይዞን፣ «አይሆንም» አላት።

«ምን አልክ?»

«አይሆንም። አይበቃውም።»

በትዳራቸው ይህ ቃል ከእሱ አፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ሚስቱ ሜትር አምጥታ ለካች። በቅቶት አራት ጣት ተረፈ። እሷ ግን ቁምሳጥኑን ረስታ፣ ሜትሩን እንደያዘች ታየው ጀመር። «ድገመው እስቲ» አለችው።

ሥራ ቦታ ግን እንዲህ አላማረም። መርፌ በተወጋ በሦስተኛው ቀን ከሒሳብ አስተማሪዋ ጋር አደባባዩ ላይ ነበሩ። እሳቸው ፍሬን ይይዛሉ ሲል ነዳጅ ሰጡ። ጋሽ አይዞን በራሱ ፍሬን መኪናውን ቀጥ አደረገና፣ «ፍሬን! ፍሬን እኮ ነው ያልኩዎ! ሴትዮ፣ እግርዎ የማን ነው?» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ያለ መስሎት ዞረ።

አስተማሪዋ መኪናውን አስነሥተው ወደ ዳር ወሰዱትና፣ በሁለት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ አግብተው አቆሙት። በሦስት ፈተና ያቃታቸው ይኸው ነበር። ቁልፉን ነቅለው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

«አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ» አሉት። «ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ሃምሳ አራት ያለኝ ሁሉ ላይ ብጮህ ኖሮ ዛሬ ድምፅ አይኖረኝም ነበር።» ወርደው በታክሲ ሄዱ።

ያን ቀን የቀሩትን ተማሪዎቹን መልሶ ቤቱ ገባ። ሚስቱ ስትመጣ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ አገኘችው።

«ሃያ ሁለት ዓመት የተመሰገንኩበት ነገር በሽታ ኖሯል» አላት። «ታጋሽ ነው ሲሉኝ ለካ ደክሞኝ ነው። ጨዋ ነው ሲሉኝ መናደድ አቅቶኝ ነው። መርፌውን ልተወው ነው።»

ሚስቱ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ አሰበችበት። «አባቴ ሆስፒታል ተኝቶ በነበረ ጊዜ እጁን ማንሳት አቅቶት እንኳ ነርሶቹን ሲሰድብ ይውል ነበር» አለችው። «የደከመው ሁሉ ጨዋ አይሆንም። ጨዋነቱስ የራስህ ነው። ደግሞ እኔን ሳታማክር የምትተወው ነገር የለም።»

ዶክተሯ ጋ ሲሄድ የተማሪዎቹን መከታተያ ደብተር ይዞ ነበር፤ ከጀርባው ከመርፌው በኋላ ያሉትን ቀናት መዝግቦበታል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ይቆጣል። ከአሥረኛው በኋላ ያንቀላፋል። መሀል ላይ ሰው ነው።

«ስንወጋህ ሆርሞኑ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያ እስከ ወለል ይወርዳል» አለችው ዶክተሯ ደብተሩን እያየች። «ግማሹን በየሳምንቱ እናድርገው፤ ይረጋጋል። ግን ልንገርህ፣ መቆጣት ጨርሶ አይቀርም። ጤነኛ ሰውም ይቆጣል።» ደሙም ትንሽ ወፈር ማለት ስለጀመረ በሦስት ወር እንዲመለስ አዘዘችው።

ሲስተር ስለ ሳምንታዊው ሲሰሙ እጃቸውን አነሡ። «በየሳምንቱማ ከፊትህ ይልቅ መቀመጫህን ማየቴ ነው። ራስህ ትወጋለህ፣ ጭንህ ላይ።» ብርቱካን አምጥተው አለማመዱት። አራት ብርቱካን በውሃ ከወጋ በኋላ የራሱን ጭን ወጋ። ሲስተር አጠገቡ ቆመው አዩና፣ «ደህና ነው። እጅህ አይንቀጠቀጥም» አሉት። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ሲወጣ ሰምቶ ስለማያውቅ፣ ምስጋና መሆኑን ያወቀው ደረጃው ላይ ሲደርስ ነው።

በዚያው ሳምንት አስተማሪዋ ቤት ሄደ። በሩን ከፍተው አትግባም አላሉትም፣ ግባም አላሉትም። እሱም ደጃፉ ላይ እንደቆመ እውነቱን ተናገረ፤ መርፌውን፣ ሆርሞኑን፣ ያን ማክሰኞ እንቅልፍ የወሰደውንም ጭምር።

«እና የጮኸው መርፌው ነው?» አሉት።

«አይደለም። እኔ ነኝ የጮኽኩት። መርፌው ድምፅ ሰጠኝ እንጂ ቃሉን አልሰጠኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አስተማሪዋ መልሱን እንደ ተማሪ ወረቀት መረመሩት። «ይኼ ልክ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?»

አራተኛውን ፈተና በአንድ ነጥብ ወደቁ። አምስተኛውን አለፉ። በመሀሉ ጋሽ አይዞን ሦስት ጊዜ ከውስጡ ትኩስ ነገር ሲነሣ ተሰማው፤ ሦስቱንም ጊዜ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ እያየ እስኪያልፍለት ጠበቀ። ድሮ ይህን አያውቀውም ነበር። አሁን ትዕግሥት ሥራ ሆነበት፤ ማታ ቤቱ ሲገባ እንደ ሥራ ያደክመዋል። ድካሙ ግን እንደ ድሮው ሶፋ ላይ አያስቀረውም። ሚስቱ «የት እንሂድ?» ስትለው የሚሄዱበትን ይናገራል፤ አንዳንዴም እሷ እንቢ ትለውና ይከራከራሉ።

በቀጠሮው፣ በሦስት ወሩ ሲመለስ የደሙ ውፍረት ተስተካክሎ፣ ሆርሞኑም ከመሀል ላይ ተገኘ። ዶክተሯ ቀጣዩ ምርመራ ከስድስት ወር በኋላ መሆኑን ነገረችው።

«እስከ መቼ ነው የምወጋው?»

«ምናልባት ዕድሜ ልክህን።»

ጋሽ አይዞን ሰዓቱን አየ። አዲስ ተማሪ ይጠብቀዋል፣ ከሌላ አሠልጣኝ አልቅሳ የመጣች። «እሺ» አለ፣ የሐኪም ማዘዣውን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወጣ።