የኦቦ ጉተማን ቤት ለመሳል ቡራዩ ሄጄ

አስኮ፣ ጠዋት

ቅዳሜ ጠዋት ከአስኮ ወደ ቡራዩ የተነሳሁት ሊፈርስ የተቃረበ ቤት ለመሳል ነው። የለመነችኝ የሥራ ባልደረባዬ ጫልቱ ናት። የአባቷ ቤት መንገድ ይወጣበታል ተብሎ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። «ፎቶ አንስቼ አሳየሁት፤ አባዬ ግን ‹ይሄ የማንም ቤት ነው› አለኝ» ብላ ነው የላከችኝ። እኔ በትርፍ ጊዜዬ ከተማ እየዞርኩ በጥቁር ቀለምና በውሃ ቀለም እስላለሁ።

ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሚኒባሱ ጭቃው ውስጥ እየተንገዳገደ ነው የደረሰው። ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ በቦምቦሊኖ ጠጣሁ። ቦምቦሊኖው አንሷል፤ ዋጋው ግን ጨምሯል።

ቡራዩ

የጫልቱ አባት ኦቦ ጉተማ ደጃፋቸው ላይ ዱካ አውጥተው ተቀምጠዋል።

«አካም ቡልታኒ?» ብዬ በኦሮምኛ አዳራቸውን ጠየቅኳቸው።

«ናጋ፣ ልጄ። ነይ፣ እዚህ ሁኚ።»

ቤቱ የጭቃ ነው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፣ በሩ ሰማያዊ ነው። በእርሳስ የጣሪያውን ዘንበል ያለ መስመር በስሱ ያዝኩና በማይለቅ ጥቁር ቀለም ሄድኩበት። ጥቁሩ ሳይደርቅ ውሃ ከነካው ወረቀቱ ይጨቀያል። አየሩ እርጥብ ስለነበር አልደርቅ አለኝ፤ አቀርቅሬ እፍ እፍ እያልኩ ጠበቅኩ።

«ቀዩንም ትስይዋለሽ?» አሉኝ።

«ያየሁትን ነው የምስለው፣ ኦቦ።»

«ስሠራው አልነበረም።»

ቦታውን ባዶ ተውኩት። ከጣሪያው ጀምሬ ስስ ቡናማ አለበስኩ፤ ቀጥዬም በሩን ሰማያዊ ቀባሁ። በሩ ገና እርጥብ እንደሆነ ሁለት የሰፈር ጥበቃዎች መጡ።

«ማን ልኮሽ ነው? የሚፈርስ ቤት ምን ተብሎ ይሳላል?» አለ አንደኛው።

ኦቦ ጉተማ ተነሱ። «ኬሱማ ኮቲ! እንግዳዬ ናት። እኔ ነኝ የጠራኋት።»

«አንቱ ይቀመጡ፣ አባባ።»

ጥበቃው ወረቀቱን ከጉልበቴ ላይ አንስቶ ለሁለት አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሰማያዊው ጣቱ ላይ ቀረ፤ ሱሪው ላይ ጠረገው። ልከራከር አፌን ስከፍት ኦቦ ጉተማ ክንዴን ያዙኝ።

«ሂጂ ልጄ። ቤቱ አይበቃም? አንቺን ደግሞ በእኔ ምክንያት እንዳይወስዱብኝ።»

መልስ

ቤቴ ገብቼ፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ በቃሌ ልስለው ተቀመጥኩ። ጣሪያው መጣልኝ፣ በሩም መጣ። መስኮቱ ከበሩ በቀኝ ይሁን በግራ ግን ጠፋኝ። ደግሜ ጀመርኩ፤ ያው ሆነ።

በሳምንቱ ቤቱ ፈረሰ። ኦቦ ጉተማም ሰበታ ጫልቱ ቤት ገቡ። በስልኳ አገናኘችኝ።

«ኦቦ፣ መስኮቱ ከበሩ በየት በኩል ነበር?»

«እኔ ከውስጥ ነው የማውቀው» አሉኝ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳየው በግራዬ ነበር። ከውጭ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

ዛሬ ለመሳል ስወጣ እርሳስ ሳልነካ ብዙ ቆሜ አያለሁ። የቀለሙን መድረቅ እጠብቃለሁ ብዬ ከወረቀቱ ላይ ዓይኔን ያላነሳሁባት ያቺ ጠዋት ያስተማረችኝ ይህን ነው። ትምህርቱ ለእኔ ጠቀመኝ። ኦቦ ጉተማ ግን ሰበታ፣ የራሳቸው ባልሆነ ግድግዳ ሥር ተቀምጠዋል፤ የሰጠኋቸው አንዳች የለም።