በመስኮት የወጣው ባንዲራ

የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ሹፌር ሲነዳ ስለማይቸኩል ተማሪዎቹ «ጋሽ ቀስ በቀስ» ይሉታል። እሱም ስቆ ያልፋቸዋል። ኳስ ብሎ ነገር አይወድም። አንድያ ልጁ ግን የምትማረው በተቀናቃኙ ትምህርት ቤት ነውና፣ የጨዋታ ሰሞን ሰማያዊ ሻርፗን ጠምጥማ ቤቱን ታምሰዋለች።

«አባዬ፣ ዛሬ ቢጫዎችህን እያለቀሱ ነው የምትመልሳቸው!»

«አርፈሽ ቁርስሽን ብዪ።»

የዋንጫው ዕለት ያለቀሱት ሰማያዊዎቹ ሆኑ። ቢጫዎቹ እየጨፈሩ አውቶቡሱን ሞሉት። በረኛቸው ባንዲራቸውን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ በመስኮት አወጣው፤ ሌሎቹ ደግሞ ከሰማያዊዎቹ የቀሙትን ባንዲራ አንጠልጥለው ይተፉበት ጀመር።

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «ሁለቱንም አስገቡ! አለዚያ ንቅንቅ አልልም።»

«ጋሼ፣ የማን ወገን ነህ? ልጅህ እዚያ ስለሆነች ነው አይደል?» አለ በረኛው። ፉጨቱ ጆሮ በጠሰ። ከፊት የተቀመጠው የስፖርት መምህርም፣ «ተዋቸው ባክህ፣ አንድ ቀን ደስ ይበላቸው» አለው።

ነዳ።

ከስታዲየሙ በር ወጥቶ ገና ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ ድንጋይ ዘነበ። የፊት መስታወቱ ረገፈ፤ ተከትሎ የመጣው ድንጋይ ግራ ዓይኑ ላይ አረፈ። ፍሬን ያዘ። ሰማያዊዎቹ የባንዲራውን ጫፍ አፈፍ አድርገው ሲጎትቱ፣ ጨርቁ የታሰረበት ክንድ በረኛውን ይዞት ወጣ። አስፋልቱ ላይ ዘርረው ይረግጡት ጀመር።

«ጭንቅላቱን! ጭንቅላቱን በለው!»

ሹፌሩ የጎማ መፍቻውን ብረት መዝዞ ወረደ። ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ፣ ፊቱ የቆመውን ሁሉ መታ። የአንዱ ክንድ ቀጭ ሲል ሰማ። ሌላውን አፉ ላይ አለው፤ ልጁ ጥርሱን እየተፋ ወደቀ። የሸሹትን እንኳ እያሳደደ መታ። ያን ጊዜ እነሱን ከበረኛው ላይ ማስነሳት ረስቶት ነበር፤ መምታት ብቻ ነበር የሚፈልገው።

«አባዬ፣ በቃ!»

ልጁ ናት። ሻርፗ አንገቷ ላይ፣ ድንጋይ እጇ ውስጥ። ብረቱ ከእጁ አመለጠ።

በረኛው ተረፈ፤ ምላሱ ግን እስከ ዛሬ ይተሳሰራል። ክንዱ የተሰበረው ልጅ ቤተሰቦች ሹፌሩን ከሰሱት፤ ተፈርዶበት ታሰረ። ግራ ዓይኑም በዚያው ጠፋ፤ መሪ መጨበጡም አበቃ።

ልጁ እስር ቤት ልትጠይቀው ስትመጣ ብዙ ጊዜ አቀርቅራ ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን፣ «አባዬ፣ እኔም ወርውሬያለሁ» አለችው። «ዓይንህን ያገኘው የእኔ ይሁን የሌላ ሰው፣ አላውቅም።»

 

«እኔም የመታሁት ማንን እንደሆነ አላየሁም» አላት። «አንቺን ብመታሽስ ኖሮ?»

አለቀሱ። ጠባቂው ሰዓት አልቋል ሲል እንኳ አልሰሙትም።

የተፈታ ቀን በሩ ላይ የጠበቀችው እሷ ናት። መንገድ ሊሻገር ሲል እጁን ለቀም አደረገችው።

«ቆይ አባዬ፣ በግራ መኪና እየመጣ ነው።»