አልጋው ጫፍ ላይ የተቀመጠው ተማሪ

አባቴ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት በተኛ በሁለተኛው ሳምንት የምርመራው ውጤት መጣ። ሐኪሙ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ኮሪደር ላይ ጠርቶ በሽታው ካንሰር መሆኑንና ጉበቱ ላይ መድረሱን ነገረን። ለአባታችን እንዳይነግርብን ለመንነው፤ እሺ አለ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። አዲስ አበባ ወስደን ቀዶ ሕክምና ልናስደርግለት፣ እሱ ግን ጨጓራ ነው ብሎ እንዲሄድ ተስማማን።

ይህንን ስምምነት ለውጭ አገሩ የሕክምና ተማሪ የነገረው ሰው አልነበረም። ለጥቂት ሳምንታት ልምምድ የመጣ፣ የጋውኑ እጅጌ የሚያጥረው ረጅም ልጅ ነው። ከአማርኛ የሚያውቀው ሰላምታ "እንደምን አደሩ" ብቻ ስለነበረ ከሰዓት በኋላም እሱኑ ይላል። አባቴ፣ "ይህ ልጅ መቼም አይመሽበትም" እያለ አጠገቡ የተኙትን ያስቃል።

አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ብቻውን መጣ። ወንድሜ ፋብሪካ፣ ፈረቃው ላይ ነበር። ሌሎቹ ሐኪሞች አልጋው ግርጌ ቆመው አነጋግረው ያልፋሉ። ተማሪው ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ የአባቴን እጅ ያዘ፤ ዓይን ዓይኑን እያየ በእንግሊዝኛ ተናገረ። በሽታው ተሰራጭቷል፣ ቀዶ ሕክምናም አያድነውም፤ የቀረውን ጊዜ የት ማሳለፍ እንደሚፈልግ ጠይቅልኝ አለኝ።

ከሃያ ዓመት በላይ ጋዜጣ ላይ ሰው ያለውን እንዳለ ስጽፍ ኖሬያለሁ። የመኪና አደጋ ቦታ ቆሜ የሟቾችን ስም አንድ ፊደል ሳልስት መዝግቤያለሁ።

"ምግብ ይስማማሃል ወይ ነው የሚልህ" አልኩት አባቴን።

አባቴ ተማሪውን ትኩር ብሎ አየው። እጁን ሳያስለቅቅ፣ "አዲስ አበባ አልሄድም። አንኮበር፣ ቤቴ እገባለሁ በለው" አለ።

ይህንን አንድ ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ተማሪው ፋይሉ ላይ ጻፈና አመሰገነኝ።

ማታ ወንድሜ የአባታችንን ውሳኔ ሲሰማ በሽታውን ማን እንደነገረው ጠየቀኝ። ማንም አልነገረውም አልኩ። አላመነኝም።

በሦስተኛው ቀን መኪና ተከራይቼ ወደ አንኮበር ወሰድኩት። አባቴ ጋቢና ልቀመጥ ብሎ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ። ወንድሜ አልመጣም። ከከተማው ወጥተን ትንሽ እንደሄድን አባቴ ሳይዞር ተናገረ።

"ደህና ብሆን ኖሮ ያ ልጅ አይቀመጥም ነበር" አለ። ቀጠለና፣ "አንተ ጋዜጣህም ላይ እንዲህ ነው የምትጽፈው?" አለኝ።

ሾፌሩ ሳቀ። ነገሩ ሲገባው ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

"በል አሁን ንገረኝ። ምንድን ነው ያለው?"

ተማሪው በተናገረበት ቅደም ተከተል ነገርኩት። በሽታው መሰራጨቱን፣ ቀዶ ሕክምናው እንደማያድነው፣ በመጨረሻም ጥያቄውን። ድምፄ ዜና እንደሚያነብ ሰው ድምፅ ነበር፤ ይህንን አስታውሳለሁ። አባቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል።

ስጨርስ የእኛን ማሳ ዘንድሮ ማን እንዳጨደው ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩት።